ጀርሙን ያሳየው ቀለም፣ ጀርሙን የገደለው ቀለም

 

በአማርኛችን «ቀለም» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ልብስ የሚነከርበት፣ ብዕር የሚጠቀስበት ነው። ሁለተኛው ዕውቀት ነው፤ «ልጁ ቀለም ይገባዋል» ስንል ትምህርት ይገባዋል ማለታችን ነው። ቁርኣን ቤት ያደገ ሰው ሁለቱ የት እንደሚገናኙ ሳይነገረው ያውቃል። የጥንት ደረሶች ከጥላሸት ቀለም በጥብጠው ለውሓቸው ላይ ይጽፉ ነበር። ሲሐፍዙት ያጥቡታል፤ ከዚያ ቀጣዩን ይጽፋሉ።

የዛሬው ጽሑፋችን ስለ አንድ ለየት ያለ የቀለም ዘር ነው። ብርሃን ሲያርፍበት ተቀብሎ በሌላ ቀለም መልሶ ያበራል። በሳይንሱ «ፍሎረሰንት» ይባላል። ይህ ቀለም መጀመሪያ ሰዎችን አስገረመ፣ ቀጥሎ በዓይን የማይታየውን ጀርም አሳየ፣ ኋላም ጀርሙን ራሱን ገደለ። ታሪኩ ለእኛም የሚለው ነገር አለ፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን፣ ኢንሻአላህ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

1. ካይሮ፦ ብርሃንን የመረመረው ዓሊም

አቡ ዐሊ አል-ሐሰን ኢብኑል ሀይሰም (ረሒመሁላህ) በ965 ገደማ በበስራ ተወልዶ የዕድሜውን ትልቅ ክፍል በካይሮ ያሳለፈ ዓሊም ነው። በዘመኑ ከግሪኮች የተወረሰ አንድ አስተሳሰብ ነበር፤ የምናየው ከዓይናችን ጨረር ወጥቶ ነገሩን ስለሚነካው ነው የሚል። ኢብኑል ሀይሰም «ኪታቡል መናዚር» በተሰኘው 7 ክፍል ባለው ሥራው ይህን ገለበጠው። ብርሃን ከነገሩ ተነስቶ ወደ ዓይን ይመጣል እንጂ ዓይን ጨረር አይልክም አለ። በማለት ብቻም አልቀረም። ጨለማ ክፍል ገብቶ፣ በትንሽ ቀዳዳ የሚገባውን ብርሃን እየተከተለ ፈተነው።

ካስተዋላቸው ነገሮች አንዱ ለርዕሳችን ቅርብ ነው። ፀሐይ ያረፈበት ለምለም አትክልት አጠገቡ ያለውን ነጭ ልብስ ወይም ግድግዳ አረንጓዴ ያስመስለዋል። ከዚህ ተነስቶ ቀለም ከብርሃን ጋር አብሮ እንደሚጓዝ ጻፈ። ኪታቡ ወደ ላቲን ተተረጎመ፤ በ1572 ባዝል ከተማ ላይ ታተመ፤ የአውሮፓ ሊቃውንትም ብዙ ዘመን ተማሩበት።

እዚህ ላይ አማና አለብን። «ሁሉንም የጀመርነው እኛ ነን» የሚል ጽሑፍ በየገጹ ሲዞር እናያለን። ኢብኑል ሀይሰም ፍሎረሰንስን አላገኘም፤ አገኘ የሚል ቢያጋጥማችሁ አትቀበሉት። እሱ ያወረሰው ልማድ ነው። የቀደሙት ሰዎች ስላሉት ብቻ ነገርን አለመቀበል፣ መጠራጠር፣ መፈተን፣ ውጤቱን በሐቅ መጻፍ። የሚቀጥለውን ታሪክ ስታነቡ ያ ልማድ በማን እጅ እንደገባ ተከታተሉ።

2. ሰማያዊው ውሃና የወባው ቅርፊት

በ1565 የሴቪያው ሐኪም ኒኮላስ ሞናርዴስ ከሜክሲኮ ምድር ስለመጣ አንድ እንጨት ጻፈ። እንጨቱ ለኩላሊት ሕመም ይታዘዝ ነበር። ፍላጩ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ ግን ጥርት ያለው ውሃ ሰማያዊ ፍካት ያወጣል። የሜክሲኮ ነባር ሕዝቦች እንጨቱን ቀድመው ያውቁት ነበር። አውሮፓውያን ተገረሙበት፣ ጻፉበት፤ ምክንያቱን ግን ለሦስት መቶ ዓመት ያህል የፈታው አልነበረም።

መልሱ የመጣው በወባ መድኃኒት በኩል ነው። በ1820 ፔሌቲየና ካቫንቱ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ከሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ኪኒንን ለይተው አወጡ። ዛሬ ማንኛውንም እንክብል «ክኒን» ስንል የምንጠራው በዚሁ መድኃኒት ስም ነው። የኪኒን ሟሟ ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ እንደዚያ የሜክሲኮ እንጨት ሰማያዊ ይፈካል።

በ1852 ጆርጅ ስቶክስ የተባለ የካምብሪጅ መምህር የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በተነው። ቀስተ ደመናው ሲዘረጋ የኪኒን ሟሟ ያለበትን ቱቦ በየቀለሙ አሳለፈው። በቀዩ ላይ ምንም የለም። በቢጫው ላይ ምንም የለም። ከሐምራዊው አልፎ፣ ዓይን ጨለማ ብቻ ወደሚያይበት ቦታ ሲያደርሰው ግን ቱቦው በሰማያዊ ብርሃን ፈካ። ሱብሓነላህ! እኛ የማናየው ብርሃን እዚያ ነበር። ኪኒኑ ያን ተቀብሎ ወደምናየው ለወጠው። ስቶክስ ነገሩን ፍሎራይት ከሚባል የሚፈካ ማዕድን ስም ወስዶ «ፍሎረሰንስ» አለው።

አሠራሩ ይህን ይመስላል። ሞለኪዩሉ የብርሃን ጉልበት ይቀበላል፤ ጥቂቱን በሙቀት መልክ ያባክናል፤ የቀረውን በብርሃን መልክ ይመልሳል። ጉልበቱ ስለቀነሰ የሚመለሰው ብርሃን ቀለሙ ይለያል። ይህ ሩቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባንክ ውስጥ ብር በሐምራዊ መብራት ሲፈተሽ የሚፈካው ምልክት ይኸው ነው። ለዒድ ያጠብነው ጀለቢያ ፀሐይ ላይ ከነጭም በላይ ነጭ ሆኖ የሚታየን፣ በማጠቢያ ዱቄቱ ውስጥ የተጨመረ ፍሎረሰንት ውህድ የማይታየውን የፀሐይ ጨረር ወደ ሰማያዊ ስለሚለውጠው ነው።

3. ከሬንጅ የወጣ ቀለም

በ1856 ዊልያም ፐርኪን የተባለ የ18 ዓመት የለንደን ተማሪ ከድንጋይ ከሰል ሬንጅ ከሚገኝ ነገር ኪኒን ለመሥራት ሞከረ። አልተሳካለትም። ከጠርሙሱ ውስጥ ያገኘው ጥቁር ዝቃጭ ነበር። ሊያጥበው ሲል ግን ሐምራዊ ቀለም ወጣው። ሌላ ሰው ደፍቶት ይሄድ ነበር፤ እሱ ሐር ነከረበት። የፋብሪካ ማቅለሚያ ኢንዱስትሪ በዚህ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ የጀርመን ኬሚስቶች ከሬንጅ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቀለሞችን አወጡ።

ከእነዚያ አንዱ አዶልፍ ፎን ባየር በ1871 የሠራው ፍሎረሰሲን ነው። በውሃ ሲሟሟ ብሩህ አረንጓዴ ይፈካል፤ እጅግ ጥቂቱ ብዙ ውሃ ውስጥ ገብቶም ይታያል። በጀርመን የዳኑብ ወንዝ በአንድ ቦታ መሬት ውስጥ ይሰርጋል። ውሃው ወዴት እንደሚሄድ ክርክር ነበር። በ1877 ተመራማሪዎች 10 ኪሎ ፍሎረሰሲን በስርገቱ ላይ ጨመሩ። ከሁለት ቀን በላይ ቆይቶ አኽ በሚባለው ምንጭ አረንጓዴ ውሃ ፈለቀ። ከመሬት በታች የተደበቀው መንገድ በአንድ ቀለም ተጋለጠ።

ይህ ነገር ወደ ሰው አካል ከመሻገር አልዘገየም። በ1961 በአሜሪካ ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ሁለት የሕክምና ተማሪዎች፣ ኖቮትኒና አልቪስ፣ ፍሎረሰሲን በደም ሥር ሰጥተው የዓይንን የውስጥ ደም ሥሮች ፎቶ የማንሳት ዘዴ አሳተሙ። የስኳር በሽታ ዓይንን እንዴት እንደሚጎዳ በግልጽ ለማየት ያስቻለ ዘዴ ነው፤ እስከ ዛሬም ይሠራበታል። ተማሪዎች እንደነበሩ ልብ በሉ።

4. ቀለሙ ጥይት ሆነ

መጋቢት 24 ቀን 1882 በበርሊን ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን አምጪ ባክቴሪያ ማግኘቱን አስታወቀ። ባክቴሪያውን ያሳየው በሰማያዊ ማቅለሚያ ነክሮ ነው። ከአድማጮቹ አንዱ ፖል ኤርሊኽ የተባለ ወጣት ሐኪም ነበር። ኤርሊኽ ብዙም ሳይቆይ የተሻለ የማቅለም ዘዴ ሠራ። ኋላ በዚያው በሽታ ራሱ ተያዘና በ1888 ለማገገም ወደ ግብፅ ሄደ። አላህ ፈቅዶለት ተሻለው፤ ወደ ሥራውም ተመለሰ።

ኤርሊኽን አንድ ጥያቄ አላስተኛው። ቀለሙ በጀርሙ ላይ ተጣብቆ በዙሪያው ባለው የሰው ሥጋ ላይ የማይጣበቅ ከሆነ፣ ጀርሙን ብቻ መርጦ የሚመታ መርዝስ ለምን አይሠራም? ቀለሙ መንገዱን ያውቀዋል፤ ጥይት ብቻ ይጨመርለት! በ1891 ከጉትማን ጋር ሆኖ ሰማያዊውን ማቅለሚያ ለሁለት የወባ ሕመምተኞች ሰጠ፤ ተሻላቸው።

በዚያው ዘመን በሙኒክ ኦስካር ራብ የሚባል ተማሪ፣ መምህሩ ፎን ታፓይነር በሰጠው ሥራ ላይ ነበር። ከሬንጅ የሚገኘው አክሪዲን የተባለ ፍሎረሰንት ውህድ ረቂቅ የውሃ ነፍሳትን በስንት ጊዜ እንደሚገድል ይለካል። ውህዱ አንድ፣ መጠኑ አንድ፣ ውጤቱ ግን ሁለት ሆነ። አንድ ቀን ቶሎ ይሞታሉ፤ ሌላ ቀን ብዙ ይቆያሉ። አብዛኛው ተማሪ «ተሳስቼ ይሆናል» ብሎ አንዱን ቁጥር ይሰርዝ ነበር። ራብ አልሰረዘም። በአንደኛው ቀን ሰማዩ ጠቁሮ፣ ነጎድጓድ ነበር፤ ክፍሉም ጨልሞ ነበር። ጨለማ ውስጥ ያስቀመጣቸው ሰነበቱ፤ ብርሃን ያገኛቸው ሞቱ። አክሪዲኑ በዚያ መጠን ብቻውን ብዙ አይጎዳም፤ ብርሃኑም ብቻውን አይጎዳም። ሁለቱ ሲገናኙ ገዳይ ናቸው። ውጤቱ በ1900 ታተመ።

ዛሬ ምክንያቱን እናውቃለን። ቀለሙ ከብርሃን የተቀበለውን ጉልበት አጠገቡ ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። ኦክስጅኑ ቁጡ ይሆንና የሕዋሱን ሽፋንና የውስጥ አካል ይበጣጥሳል። በዚህ መንገድ የሚሠራ ሕክምና ዛሬ ለአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶችና ለቆዳ በሽታዎች ይሰጣል።

ከአክሪዲን ወገን የሆነው አክሪፍላቪንም በኤርሊኽ ቤተ ሙከራ መጀመሪያ ለእንቅልፍ በሽታ ታስቦ ነበር። ካርል ብራውኒንግ የተባለ ስኮትላንዳዊ ተመራማሪ ባክቴሪያን እንደሚገድል አሳየ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ይህ ቢጫ ፈኪ ቀለም በወታደሮች ቁስል ላይ ተቀባ። ፔኒሲሊን ገና አልተገኘም ነበር።

5. በኑብያ አፅም ውስጥ የፈካው

በ1948 ቤንጃሚን ዱጋር የተባለ፣ ዕድሜው ከ70 ያለፈ የዕፅዋት ሊቅ፣ ከአፈር በተገኘ ረቂቅ ነፍስ አማካይነት ኦሪዮማይሲንን ለዓለም አስተዋወቀ። ይህ የቴትራሳይክሊን ቤተሰብ የመጀመሪያው ነው። በየጤና ጣቢያው በትራኮማ ላይ ሲሠራበት የኖረውን የዓይን ቅባት ሁላችንም እናውቀዋለን፤ እሱ ከዚህ ቤተሰብ ነው።

ቴትራሳይክሊን ሁለት ጠባይ አለው። ባክቴሪያን ይገታል፤ በአልትራቫዮሌት ጨረር ሥር ደግሞ ቢጫ ይፈካል። በማደግ ላይ ባለ አጥንትና ጥርስ ውስጥ ገብቶም ይቀራል። ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች እንክብሉ የማይታዘዘው፣ የልጅን ጥርስ ስለሚያበላሽ ነው።

በ1980 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ከሱዳን ኑብያ የተገኙ፣ ከ350 እስከ 550 ባለው ዘመን የኖሩ ሰዎችን አጥንት በፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ ሲያዩ ያንኑ ቢጫ ፍካት አዩ። ከ1,400 ዓመት በፊት ቴትራሳይክሊን? ብዙዎች አላመኑም። በ2010 የታተመ የኬሚስትሪ ምርመራ ግን አረጋገጠው። የሚሰጠው ማብራሪያ፣ እህላቸውን ሲያቦኩ መድኃኒቱን የሚሠራው የአፈር ባክቴሪያ አብሮ ይበቅል ነበር የሚል ነው። በጎረቤታችን በዓባይ ዳር የነበሩ ሰዎች ስሙን ሳያውቁ መድኃኒቱን ሲወስዱ ኖረዋል። ምስክሩ በአጥንታቸው ውስጥ እየፈካ ተገኘ።

6. አክታ፣ ጨለማ ክፍልና ቢጫ ዘንግ

ወደ ቅርባችን እንምጣ። የኮኽ ባክቴሪያ ዛሬም በሀገራችን አለ። ለብዙ ዘመን የሚመረመረው አክታን በቀይ ማቅለሚያ ነክሮ፣ 1,000 ጊዜ በሚያጎላ ማይክሮስኮፕ ጠባብ ጠባቧን ቦታ እያዩ በመፈለግ ነበር። ድካም ነው፤ ጊዜ ይወስዳል፤ ሳይታይም ሊታለፍ ይችላል።

በ1930ዎቹ መጨረሻ በጀርመን አውራሚን የተባለ ፍሎረሰንት ቀለም ለዚህ ሥራ ዋለ። አውራሚን በባክቴሪያው ሰም መሰል ሽፋን ላይ ይጣበቃል። ዳራው ጨለማ ነው፤ ባክቴሪያው በላዩ ላይ እንደ ቀጭን ቢጫ ዘንግ ያበራል። የሚያበራን ነገር በጨለማ መፈለግ ቀላል ስለሆነ አነስ ያለ ማጉያ ይበቃል፤ ብዙ ቦታ በአጭር ጊዜ ይታያል። ችግሩ መብራቱ ነበር፤ ውድ፣ ቶሎ የሚቃጠል፣ ጨለማ ክፍል የሚፈልግ። አነስተኛ ኃይል የሚበላው ኤልኢዲ መብራት ሲመጣ ይህ ተፈታ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ባወጣው መመሪያ በኤልኢዲ የሚሠራው ፍሎረሰንስ ማይክሮስኮፕ የተለመደውን እንዲተካ መከረ። በሀገራችን ጤና ተቋማትም ገብቶ እየሠራ ነው። አሁን በስፋት የሚነገርለት «ጂን ኤክስፐርት» መሣሪያም ውስጡ ሲታይ ያው ነው፤ የባክቴሪያውን ዘረመል ሲያገኝ የሚፈካ ቀለም አለው፤ ማሽኑ ፍካቱን ይቆጥራል።

ስለዚህ ሳል ይዟችሁ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ አክታችሁን ለመስጠት አትፈሩ፤ አትፈሪ እህቴ። «ቲቢ አለበት ይሉኛል» እያለ ሲደበቅ ቤተሰቡን የሚያስይዝ ወጣት አለ። በሽታ ነውር አይደለም። ለየበሽታው መድኃኒት እንዳለው፣ መታከምም እንደሚገባን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል።

7. አንድ ሞለኪዩል፣ ሁለት ሥራ

የኪኒን ዘር አልቆመም። ኬሚስቶች የኪኒንን ምትክ ክሎሮኪንን ሲሠሩ በጎን ከወጣ ተረፈ ነገር ተነስተው በ1962 ናሊዲክሲክ አሲድ የሚባል ፀረ-ባክቴሪያ አስተዋወቁ። ከእሱ ዘር ደግሞ ፋርማሲ ሁሉ የሚታወቀው ሲፕሮፍሎክሳሲን ተወለደ። ሲፕሮም እንደ አያቱ እንደ ኪኒን በአልትራቫዮሌት ሥር ሰማያዊ ይፈካል። ተመራማሪዎች በዚህ ፍካቱ መድኃኒቱ ባክቴሪያው ውስጥ መግባቱንና አለመግባቱን ይለኩበታል። መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ሲፕሮውን መልሶ ወደ ውጭ ሲተፋው በፍካቱ መቀነስ ይታወቃል።

በ2001 ደግሞ በሆንግ ኮንግ የቤን ዦንግ ታንግ ቡድን ያልተጠበቀ ነገር አየ። ብዙ ፍሎረሰንት ቀለሞች ሲታጨቁ ይደበዝዛሉ፤ የእነሱ ውህድ ግን ሲታጨቅ ይበልጥ ፈካ። ከዚህ ሐሳብ የተነሱ ውህዶች አወንታዊ ሙላት እንዲኖራቸው ይደረጋል። የባክቴሪያ ገጽ አሉታዊ ሙላት ስላለው ይስባቸዋል። በላዩ ላይ ሲከማቹ ይፈካሉ፤ ሐኪሙ ባክቴሪያው የት እንዳለ ያያል። ብርሃኑ ሲቀጥል ራብ ያየው ነገር ይደገማል፤ ኦክስጅኑ ይቆጣል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። አሳይቶ የሚገድል አንድ ሞለኪዩል! ብርሃን ወደ አካል ጠልቆ ስለማይገባ ተስፋው በይበልጥ ለቁስል፣ ለቆዳና ለአፍ ኢንፌክሽን ነው። ገና በምርምር ላይ ነው።

ለምን ይህን ያህል ይደከማል? አንቲባዮቲኮች እየከሸፉ ስለሆነ ነው። በ2019 መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ቀጥተኛ ምክንያት 1.27 ሚሊዮን ሰው እንደሞተ ተገምቷል። ይህ ችግር እኛም ጓዳ ገብቷል። ሻል ሲለን የምናቋርጠው ክኒን፣ ለጎረቤት የምናካፍለው ትራፊ፣ ካፕሱሉን ከፍተን ቁስል ላይ የምንበትነው ዱቄት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የምንገዛው ሲፕሮ ባክቴሪያውን ያሠለጥነዋል። የስንት ሰው ዕድሜ ያለቀበትን መድኃኒት በቸልተኝነት ማበላሸት ኢስራፍ ካልሆነ ምን ይባላል?

8. እኛስ?

ቱርካዊው አዚዝ ሳንጃር በ1946 ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ወላጆቹ አልተማሩም፤ ልጆቻቸው ግን እንዲማሩ ይጥሩ ነበር። ሐኪም ሆኖ በትውልድ አካባቢው አገለገለ። ከዚያ ወደ ምርምር ገባ። ባክቴሪያ በአልትራቫዮሌት የተጎዳ ዘረመሉን በሰማያዊ ብርሃን ጉልበት የሚጠግንበትን ኢንዛይም ለዓመታት አጠና። በ2015 ዘረመል እንዴት እንደሚጠገን ባሳየው ሥራ የኬሚስትሪ ኖቤል ተጋራ። ከኢብኑል ሀይሰም ዘመን 1,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሙስሊም ልጅ እንደገና ብርሃንን ሲመረምር አየን፤ አልሐምዱሊላህ።

እስካሁን የተከተልነውን መስመር ዞር ብላችሁ እዩት። ኢብኑል ሀይሰም የግሪኮችን ቃል ብቻ ይዞ አልቀረም፤ ፈተነ። ስቶክስ ቱቦውን ጨለማው ድረስ ወሰደው። ፐርኪን ዝቃጩን አልደፋም። ራብ ያልገጠመለትን ቁጥር አልሰረዘም። አንዱ በካይሮ፣ ሌላው በለንደን፣ ሌላው በሙኒክ ነው፤ ያገናኛቸው ያ ልማድ ነው። ልማዱ ባለበት ዕውቀት ይኖራል፤ ልማዱ ሲሄድ የአያት ስም ብቻ ይቀራል። እኛ ዛሬ የኢብኑል ሀይሰምን ፎቶ ሼር እናደርጋለን፤ የባዮሎጂውን ፈተና ግን እንኮርጃለን። ይህ የእሱን ውርስ መጣል ነው።

ስለዚህ ኬሚስትሪ የሚከብድሽ እህቴ፣ ላብራቶሪ ቴክኖሎጂ ተመድቦ «ሕክምና አልደረሰኝም» እያለ የሚያዝን ወንድሜ፣ በአንድ ጤና ጣቢያ ጨለማ ክፍል ውስጥ ቢጫ ዘንጉን ፈልጎ የሚያገኝ ዓይን የአንድ ቤተሰብ ሕይወት ነው። ኒያችሁን አሳምሩ፣ በሐቅ ሥሩ፤ ዒባዳ ይሆንላችኋል። ያልገጠመላችሁን ነገር አትሰርዙ፤ ምናልባት የአላህ ፀጋ የተደበቀው እዚያ ነው።

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይስጠን፣ ሕመምተኞቻችንን ያሽርልን፣ በምናውቀውም የምንሠራ ያድርገን። ኣሚን። ወላሁ አዕለም።